ሰባቱ ሚስማሮችና የዶን ቤሊሳሪዮ አራት ረድፍ ወይን

ዶን ቤሊሳሪዮ ኦርሜኞ ከአባታቸው ከዶን አንሴልሞ ኦርሜኞና ከእናታቸው ከዶኛ ክሎሪንዳ ቬራ እ.ኤ.አ. መጋቢት 21 ቀን 1944 በቺሊ፣ በኢታታ ሸለቆ፣ በባሕሩ በኩል ባለው ኮረብታ ላይ ተወለዱ። ጊዜው የወይን ለቀማ ነበርና እናታቸው እስከ ቀትር ለቅመው፣ ከቀትር በኋላ ወልደው፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ቅርጫታቸው ተመለሱ። ዶን ቤሊሳሪዮም "እኔ ከወይኑ ጋር ነው የተለቀምኩት" ይሉ ነበር።

ትምህርታቸውን እስከ ሦስተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ያቋረጡት የማረሻውን ፈረስ የሚመራ ሰው ስለጠፋ ነው፤ እሳቸው ግን ሰነፍም እንደነበሩ በገዛ አፋቸው መስክረዋል።

ከአሥራ ስድስት ዓመታቸው ጀምሮ ለቀማ ተከትለው ከአንዲስ ተራራ ግርጌ እስከ ሜዳው፣ ከሜዳው እስከ ባሕሩ ዞረዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው አንዲት ፍሬ ቀምሰው ከየት እንደመጣች ይናገሩ ነበር። "የተራራው ይኮራል፣ የሜዳው ይወፍራል፣ የባሕሩ ያስለቅሳል" ይሉ ነበር። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ሰው የሚመድበው በዚሁ ነው፤ ማን ወፍራም እንደተባለ እዚህ አይጻፍም።

በ1968 በሜዳው ባለ አንድ እርሻ ላይ፣ ሜርሎ ከሚባለው ወይን ግማሹ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ እንደሚበስል አስተዋሉና ለካቦው "ጌታዬ፣ ይሄኛው ሜርሎ አይደለም" አሉት። ካቦውም "አንተ የኮረብታ በቅሎ፣ ወይን ልታስተምረኝ ነው? ዝም ብለህ ልቀም!" ብሎ ለቃሚውን ሁሉ አሳቀባቸው። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ የተማሩ ሰዎች መጥተው ቅጠሉን መረመሩ፤ አገር ምድሩ ሜርሎ ሲለው የኖረው ካርሜኔር የሚባል ሌላ ወይን ሆኖ ተገኘ። ካቦው ያኔ ሞቶ ነበር። ዶን ቤሊሳሪዮ ግን የእሑድ ባርኔጣቸውን አድርገው መቃብሩ ድረስ ሄደው ነግረውታል።

ከ1968ቱ ለቀማ ጀምሮ ስማቸው "ፕሮፌሰር" ሆኖ ቀረ። ከለቃሚዎቹ መካከል የነበሩት ኤርሲሊያ ሳን ማርቲን አንድ ቀን "ፕሮፌሰር፣ እኔስ ምን ዓይነት ወይን ነኝ?" ብለው ጠየቋቸው።

"የባሕሩ ሞስካቴል ነሽ። ሽታሽ ያጠግባል፤ ቆዳሽ ግን ወፍራም ነው።"

"ቆዳዬን ደግሞ የት አየኸው፣ ባለጌ!"

በ1970 ተጋቡ። ልጃቸውን ሌአንድሮን ወለዱ። የሚኖሩትም ዶኛ ኤርሲሊያ ከአባታቸው በወረሱት ኮረብታ ላይ ነበር፤ ኮረብታውን የሞላው ቅድመ አያታቸው የተከሉት፣ ፓይስ የሚባለው አሮጌ ወይን ነው።

በ1977 ዶኛ ኤርሲሊያ ሁለተኛ ልጃቸውን ማጋሊን ለመውለድ ከተማ በገቡበት ሳምንት፣ የጥድ ችግኝ የሚያከፋፍሉ ሰዎች መጡ። "ፓይስ የድሃ ወይን ነው፣ ማን ይገዛሃል? ጥድ ግን ልጆችህን ያስተምርልሃል" አሏቸው። የካቦውን ስሕተት በአንድ ፍሬ የለዩት ሰው የራሳቸውን አልለዩም። ሚስታቸውን ሳይጠይቁ ወይኑን ነቀሉ። ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ያሉት አራት ረድፎች ሲቀሩ ግን እጃቸው እምቢ አላቸው።

ዶኛ ኤርሲሊያ ሕፃኗን ታቅፈው ተመለሱ። በመስኮቱ ወደ ኮረብታው አዩ። "አባቴን ነው የነቀልከው" ብለው ልጅቱን አልጋ ላይ አስተኙና፣ መዶሻ አንስተው መስኮቱን በሰባት ሚስማር ቸነከሩት። አርባ ስድስት ዓመት እንደተቸነከረ ኖረ። በሌላው ነገር ሁሉ የሚያስቀኑ ባልና ሚስት ነበሩ፤ የመስኮቱን ነገር ግን የሚያነሣ አልነበረም።

ጥዱ አድጎ ልጆቹን አስተምሯል፤ በቀብር ቀን ሐሰት አይጻፍም። በየካቲት 2023 ግን እሳት ከጥድ ወደ ጥድ እየዘለለ ኮረብታውን በላው። ቤቱ ተረፈ፤ አራቱ ረድፎች ከሰሉ። ዶን ቤሊሳሪዮ እሳቱን በእርጥብ ጆንያ ሲመቱ የዋጡት ጭስ ከሳንባቸው አልወጣም።

በሐምሌ ብርድ እያሳሉ፣ ተንበርክከው፣ የከሰሉትን ግንዶች ከመሬት እኩል ቆርጠው አፈር አለበሷቸው። ጎረቤታቸው ዶን ኤውሎሂዮ "ቤሊሳሪዮ፣ ሬሳ እኮ ነው የምትገርዘው" ቢሏቸው "ሥሩን ጠይቀኸዋል?" አሏቸው።

ማታ ለሚስታቸው "ኤርሲሊያ፣ ጥዱ የለም እኮ። መስኮቱን ልክፈተው?" አሉ።

"ምን ላይ? አመድ ላይ?"

"ሲያቆጠቁጥስ?"

"ሲያቆጠቁጥ ጥራኝ።"

ከዚያ ወዲህ የኖሩት ለዚህች ጥሪ ነው። መራመድ ሲያቅታቸው በየጠዋቱ ማጋሊን "ሂጂ እስቲ እዪልኝ" ይሏት ነበር። አንድ ቀን አንጀቷ አልችል ብሎ "አባባ፣ አቆጥቁጧል" አለቻቸው። ፊቷን አዩና "በውሸት ቡቃያ እናትሽን አልጠራም" ብለው ሳቁ፤ ሳቁም ሳል ሆነ።

መስከረም 14 ቀን 2023 በተወለዱ በ79 ዓመታቸው አረፉ። ማጋሊ የዚያን ዕለት ጠዋትም አይታ ነበር፤ ምንም አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት፣ ሣጥናቸው መኝታ ቤቱ ውስጥ እንዳለ፣ ዶኛ ኤርሲሊያ ጉጠት ይዘው ገቡ። ልጆቻቸው ሊያግዟቸው ቢነሡ "የመታሁት እኔ፣ የምነቅለውም እኔ" አሉ። ሰባቱም ዝገው ነበርና ብዙ ታገሏቸው። መስኮቱ ሲከፈት የባሕር ነፋስ ገባ። ከሁለተኛው ረድፍ፣ ከአፈሩ መሐል፣ ጥፍር የምታህል፣ ሮዝ ቀለም ያላት የወይን ቡቃያ ብቅ ብላለች።

ዶኛ ኤርሲሊያ ወደ ሣጥኑ ዞረው "ይኸው ከፈትኩት። ጥራኝ አላልኩህም? ለምን አልጠራኸኝም?" አሉ።

ዶን ቤሊሳሪዮ ለካቦም ለጎረቤትም መልስ አጥተው የማያውቁ ሰው ነበሩ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና "ፕሮፌሰር" የሚላቸው ኮረብታ ሁሉ ያዝንላቸዋል። ከቀብር በኋላ ወደ ቤት የምትመጡ በመስኮቱ በኩል እንዳታልፉ፤ ያለችው ቡቃያ ገና አንዲት ናት። ሚስማሮቹን ዶኛ ኤርሲሊያ በባለቤታቸው ኮት ኪስ ከትተዋቸዋል፤ ከእሳቸው ጋር ይቀበራሉ።

ከአመድ ሥር ሥሩን የጠበቀ አምላክ፣ ነፍሳቸውን መስኮቱ ወደ ወይኑ ከተከፈተ ቤት ያሳርፍልን። አሜን።