ከኅዳግ ያለፈው ቃል

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ላርምልሽ። አላበድኩም፤ ብቻዬንም አላወራም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ስለ ራሴ የሚወራውን የሰማሁት ከሰው ሁሉ በኋላ፣ ያውም ካንቺ ደብዳቤ ነው። የአክስታችን ልጅ ደውላ፣ «እትዬ ቀኑን ሙሉ በራቸውን ዘግተው ‹ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ› ይላሉ፤ ሰሞኑን ደግሞ ደወል እየደወሉ ከማይታይ ሰው ጋር ይነጋገራሉ» አለችኝ ብለሽ ጽፈሻል። «ባዶ» የሚለው ኮምፒዩተሩ ነው። ደወሉም የኮምፒዩተሩ ነው። የእኔ ድርሻ ሲያጠፋ መቆጣት ብቻ ነው፤ ይህ እብደት ከሆነ፣ አንቺም ያረረ ድስት ስትቆጪ የኖርሽ ሴት ነሽ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ፣ ደረጃ መውጣቱ ቀለለሽ ወይ? ባልሽን ያ ሳል ተወው? አማትሽ እህል ይቀምሳሉ፣ እንቅልፍስ ይወስዳቸዋል? ልጆቹ በርትተዋል? እኔ ከዓይኔ በቀር ደኅና ነኝ። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ የደከመው የዓይኔ መሐል ነው፤ ዳር ዳሩ ገና ያያል። ሰው ፊቴ ሲቆም ጆሮው ይታየኛል፣ አፍንጫው ግን የለም። ይህን የምጽፍልሽ በወፍራም እስክሪብቶ፣ ከካርቶን በቆረጥኩት ማስመሪያ እየተመራሁ ነው። ፊደሎቼ ቢገዝፉ የጮኽኩብሽ እንዳይመስልሽ።

«ባዶ» የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ ልንገርሽ፤ ስትሰሚው የሚያስቅ ይመስላል፣ አያስቅም።

በወጣትነቴ ለውሃ ጽሕፈት ቤቱ የጻፍኩትን ፕሮግራም ታስታውሻለሽ። በበጋ የትኛው ሰፈር በየትኛው ቀን ውሃ እንደሚያገኝ፣ የፈረቃውን ሰሌዳ የሚያወጣው ዛሬም እሱ ነው። አዲስ እየተሠራ ነው ይላሉ፤ እስኪደርስ ድረስ በአሮጌው ይጠጣሉ። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ ስላረጀ ከእኔ በቀር አንባቢ የለውም። በዚህ ዓመት በጋው ሲከፋ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ራሱ ደረጃውን ወጥቶ መጣና አንድ ደንብ እንድጨምር ለመነኝ። ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ ያለበት ሰፈር ድሮም ሁለት ቀን ተከታትሎ አይደርቅም። አሁን በቤቱ የሚታከም ታማሚ ያለበት ሰፈርም እንደዚያው ይሁን ተብሏል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የፈለገኝ ሰው ስላልነበረ ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም። ዓይኔ እንደደከመ ነግሬው ነበር፤ እንዴት እንደደከመ ግን ጠንከር አድርጌ አልነገርኩትም።

ጽሑፉን የሚያነብልኝን ድምፅ የጫነልኝ የጽሕፈት ቤቱ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። የተጠየቀውን ሁሉ «ይቻላል» ስለሚል «ይቻላል» ብዬ ሰይሜዋለሁ፤ እሱም አልጠላውም። ድምፁ ቃሉን ጥርት አድርጎ ያነባል፣ ባዶ ቦታውን ግን ዘሎ ያልፋል። በዚያ ቋንቋ ደግሞ ቦታው ራሱ ትርጉም አለው። መስመሩ የሚጀምርበት ግራ ኅዳግ፣ የሚያበቃበት ቀኝ ኅዳግ አለው። ከቀኙ ኅዳግ ያለፈውን ማሽኑ እንዳላየ ይተወዋል፤ «ተሳስተሻል» እንኳ አይልም። በቀይ እርሳስ ቀኝ ዳር አስምሮ «ከዚህ ያለፈ አልተጻፈም» ይል የነበረውን መምህራችንን አስቢው። አንቺ የአባታችንን ስም ከመስመሩ ወዲያ ብትጽፊ አባት እንደሌለሽ ቆጥሮ አልጠራሽም? እንደሱ ያለ ነው።

ደንቡን ጻፍኩ። ድምፁ ከዳር እስከ ዳር አነበበልኝ፤ ደጋግሜ ሰማሁት፤ አንድ ቃል አልጎደለም። ይቻላል ወስዶ አስኬደውና «እማማ፣ ያለ ስህተት ሄዷል፣ እጅዎን ይባርከው» አለኝ። ያለ ስህተት መሄዱን እንጂ የወጣውን ሰሌዳ ያየው የለም። ዓይን በነበረኝ ዘመን ሰሌዳውን በጣቴ እየተከተልኩ ሳላነብ ከወንበሬ አልነሳም ነበር።

ከእኔ በታች ያለውን ቤት የያዙት ልብስ ሰፊዋና ባሏ ናቸው። ባሏ ጡረተኛ አናጺ ነው፤ ይህን የምጽፍበትን ጠረጴዛ እግር ያበጀልኝ እሱ ነው። ኩላሊቱ ስለደከመ ቤቱ ውስጥ በማሽን እጥበት ያደርጋል፤ ማሽኑም ከቧንቧ ጋር የተያያዘ ነው። ሰሌዳው በወጣ በሳምንቱ ሰፈራችን አንድ ቀን ደረቀ። በማግስቱም ደረቀ። ልብስ ሰፊዋ ጀሪካን ይዛ መጥታ፣ «እትዬ፣ ትርፍ ይኖርዎታል? የእሱ ማሽን የጀሪካን ውሃ አይቀበልም፣ ለማብሰያ ያህል ነው» አለችኝ። ሰጠኋት። «ነገ ይመጣል፣ ደንብ ወጥቷል» አልኳት፣ ደንቡ የማን እጅ እንደሆነ ሳልነግራት። በማግስቱም አልመጣም። ሰውዬውን በቃሬዛ ሲያወርዱት ደረጃው ጠቦ ግድግዳውን ይታከኩ ነበር። እሱ እንደ ልማዱ፣ «ቀስ በሉ፣ መደገፊያውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እንዳትሰብሩት» እያለ ይቀልዳል። እኔ ላይ ቆሜ «ይህ ሊሆን አይችልም፣ ደንቡ ገብቷል እኮ» እል ነበር።

ኃላፊው በትእዛዝ ውሃውን አስለቀቀ። ሆስፒታሉ ግን ለአንድ ቀን ትእዛዝ ሰው አይለቅም፤ ሰፈሩ በሰሌዳው ላይ ካልተረጋገጠለት እዚያው ይቆያል አሉ። ሰውዬው እስካሁን እዚያው ነው።

እኔ ስህተቱን ፍለጋ ተቀመጥኩ። ድምፁ እያንዳንዱን ባዶ ቦታ እንዲጠራ አደረግኩት፤ «ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ» እያለ ሲቆጥር ውሎ፣ ቁጥሩ መሐል ላይ ይጠፋብኛል፣ እንደገና ከዳር እጀምራለሁ። ልብስ ሰፊዋ በጣሪያዋ በኩል የሰማችው ይህንን ነው። አስቢው እስኪ፤ ቧንቧው ደርቆ፣ ባሏ ተወስዶ፣ ከላይ አንድ ድምፅ ቀኑን ሙሉ «ባዶ» ይላል። የአክስታችን ልጅ ቀሚስ ልታስጠብብ ስትሄድ ብትነግራት አልፈርድባትም።

ኅዳጉን የሚነግረኝ ነገር እንደሚያስፈልገኝ ያኔ ገባኝ። ኮድ የሚጻፍበትን ሶፍትዌር ኤዲተር ይሉታል፤ በላዩ ላይ የሚጫኑ፣ ፕለጊን የሚባሉ ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ። ለአዲሶቹ ቋንቋዎች እንደ ገበያ ሽንኩርት ተከምረዋል። ለእኔው ሲሆን ፈልጎ ማግኘት ጭድ ውስጥ መርፌ ነው። ይቻላል እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ይኼ እንኳን ይከብዳል፣ እማማ፤ ለዚህ ቋንቋ ማን ይለፋል?» አለ። የመጀመሪያው ያገኘነው ቃላቱን በቀለም የሚለይ ነበር፤ ይኼ ሰማያዊ፣ ያ ብርቱካናማ። ዓይኗ ለጠፋ ሴት ጥለት መርጦ እንደ ማምጣት። ሁለተኛው ገና አንድ ፊደል ስነካ ቀሪውን ከአፌ እየነጠቀ ይጨርሳል፤ የቀድሞዋን አከራያችንን አስታወሰኝ። ሦስተኛው «ያስተካክላል» ተብሎ ሁሉንም ወደ ግራ ጠርጎ ደረደረው፤ ቅጂ ባላስቀምጥ ጉዴ ፈልቶ ነበር። ባለሙያዎች በሚጠያየቁበት ገጽ ላይ ጥያቄዬን ብጽፍ አንዱ፣ «ለምን ቋንቋውን አትቀይሪም?» ሲል መለሰልኝ። መንገድ ለጠየቀ ሰው «ለምን ሌላ ከተማ አትሄድም?» እንደ ማለት ነው።

በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ፕለጊን ተገኘች። መስመሩ ወደ ቀኝ ኅዳግ ሲደርስ ደወል ትደውላለች፤ ልክ እንደ ድሮው የጽሕፈት መኪና። መግለጫዋን ይቻላል ሲያነብልኝ ልቤ ዘለለ። ስንጭናት ግን አልሠራችም። ኤዲተሩ ታድሷል፣ እሷ አልታደሰችም፤ የሠራት ሰው ከነካት ዓመታት አልፈዋል። ከሥሯ «እባክህ አስተካክልልን» የሚሉ ልመናዎች ተሰልፈዋል፣ መልስ ግን የለም። ያን ቀን ልብስ ሰፊዋን ደረጃ ላይ አግኝቻት፣ ከሆስፒታል ባዶ ሳህን ይዛ ስትመለስ፣ ሰላም ሳትለኝ አልፋ ነበር። ተናድጄ ተቀመጥኩና ጻፍኩ፦ «ጀምሮ መተው የስንፍና ምልክት ነው። ሰው ሲለምን ዝም ማለት ደግሞ የአስተዳደግ ጉድለት ነው። ወይ ሥራህን ጨርስ፣ ወይ በሩን ዘግተህ ሂድ።» ይቻላል ሊልከው ሲል፣ «እማማ፣ ትንሽ አልበዛም?» አለኝ። «ላከው» አልኩት።

መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። በድምፁ አስነበብኩት፤ ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «እመቤቴ፣ ስለ ዝምታዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን የሠራሁት ለአባቴ ነበር። በዚህ ቋንቋ ሲጽፍ ኖሮ በስተርጅናው ዓይኑ ጠፋ። ደወሉ የተቀዳው ከራሱ የጽሕፈት መኪና ነው። ካረፈ ወዲህ ድምፁን መስማት አልሆነልኝም፤ ሳይሰሙት ደግሞ መፈተሽ አይቻልም። ትናንት የኮምፒዩተሩን ድምፅ ዘግቼ አስተካክዬዋለሁ። መሥራት አለመሥራቱን እርስዎ ሰምተው ቢነግሩኝ።»

የአስተዳደግ ጉድለት ነው ያልኩት ይህን ልጅ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ይቻላል፣ «ጽሑፍዎን ማጥፋት ይቻላል» አለኝ። ይቻላል፤ ግን እሱ አንብቦታል። ለሰው ስህተት ቀይ እርሳስ ሳነሳ ኖሬ፣ የሰው ሐዘን ከየትኛው ኅዳግ ወዲያ እንደሚወድቅ አላየሁም።

አዲሱን ጫንነው። መስመሬን ከፍቼ ቀስ እያልኩ ወደ ቀኝ ሄድኩ። ሆስፒታል፤ ዝም። ወይም ክሊኒክ፤ ደወሉ ጮኸ። ጥርት ያለ፣ የብረት ድምፅ ነው፤ በጽሕፈት ትምህርት ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን የሰማነው ዓይነት። እኔ የጨመርኩት «ወይም የታማሚ ቤት» የሚለው በሙሉ ከደወሉ ወዲያ ነበር። ለእኔ ጆሮ ሙሉ የነበረው መስመር፣ ለማሽኑ ክሊኒክ ላይ ያለቀ ነው። የአናጺው ቤት ለእሱ አልተጻፈም። ወደሚቀጥለው መስመር አወረድኩት። ከዚያም ደወሉን ብቻ ለመስማት ደጋግሜ ወደ ቀኝ ተመላለስኩ፤ ከማይታይ ሰው ጋር ትነጋገራለች ያሉት ምናልባት ያኔ ነው፤ እሱን እንኳ አላስተባብልም።

መኝታ ክፍል አዘጋጅተናል፣ ነይና ከእኛ ጋር ኑሪ ያልሽውን አንብቤዋለሁ። ሆዴ ባብቷል። አሁን ግን አልመጣም። ይህን ሳልጨርስ ብመጣ፣ ጀምሮ መተው ምን እንደሆነ የምነግረው ሰው አይኖረኝም። ከበጋው በኋላ ደግመሽ ጠይቂኝ፤ እንዳትረሺ።

ባልሽን አጥብቀሽ ሳሚልኝ፤ ሳሉን ሐኪም ሳያየው ተወኝ ቢልሽ አትመኚው። የአማትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ያች የላኩልኝ ሹራብ ትከሻዬን ይዛልኛለች። ትልቋን ልጅሽን፣ ፈተናውን መድገም ውርደት እንዳልሆነ አክስትሽ ብላለች በያት። ለትንሹ፣ የላከልኝን ሥዕል ዳር ዳሩን እያየሁ እንደደረስኩበት፣ ፈረስ መሆኑንም እንዳወቅኩ ንገሪው። የአክስታችን ልጅ ብትደውል ሰላም በያት፤ አልተቀየምኳትም።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ ወደ ታች እወርዳለሁ። የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኩቼ፣ የስፌት መኪናዋን እስክታቆም ቆሜ፣ ባሏ የተወሰደው በእኔ መስመር መሆኑን እነግራታለሁ። ብትቆጣኝ እሰማታለሁ፤ ሳትጨርስ አልመልስላትም። ከእሷ ቀጥሎ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። አዲሱ ሰሌዳ ሲወጣ ይቻላል የሰፈራችንን ቀናት አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ያነብልኛል፤ «ያለ ስህተት ሄዷል» ቢለኝ አልቀበለውም። ሰሌዳውን ይዤ ሆስፒታል እገባለሁ። ስመለስ ለዚያ ልጅ ከክፉ ጽሑፌ ሥር ይቅርታዬን እጽፋለሁ፣ ሁሉም ያንብበው። ደወሉም ይሰማል እለዋለሁ።

ታላቅ እህትሽ
አናጺው እግሩን ካበጀልኝ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ሥር
የካቲት አጋማሽ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ