ስልባቦት የሠራው ሻይ

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ወለተሥላሴ፤

እንደምን ከረሙልኝ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ ደረጃ ያስወጣዎት ጀመረ ወይ? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን አለሁ፤ ዝማሬም ደህና ናት። ቦንጋን ዝናቡ ገና አልለቀቃትም።

እትዬ፣ የትናንቱን ካልነገርኩዎት አይወጣልኝም። ዝማሬን ለልጁ ለአብነት የጠየቀን የሺሺንዳው ማር ነጋዴ ባፈና፣ እንደሚያውቁት ጴንጤ ነው። እኔ እሱ ቤት አልሄድም አልኩ፤ እሱም ሳልጠራ ደጁን አልረግጥም አለ። ዝማሬ ቢቸግራት፣ "አባዬ፣ እንግዲያው የማንም ባልሆነ ቤት ተገናኙ" አለችኝ።

በልጅነታችን በአጥር ቀዳዳ የምናጮልቅበትን የባላባቱን ግቢ ያስታውሱታል? ዛሬ በቲኬት ይገባል። ግብር ይበላበት የነበረው አዳራሽ የጎብኚ ሻይ ቤት ሆኗል፤ እዚያ ተቀጣጠርን። ጋሻና ጦሩ በገመድ ታጥሮ "መንካት ክልክል ነው" ተብሎበታል።

ባፈና ቀድሞኝ ደርሶ፣ ሊያከብረኝ ብሎ ሻይ በወተት አዝዞ ጠበቀኝ። በአርብ! ረስቶት ነው እንጂ ተንኮል የለበትም። ግን የአገራችንን ነገር ያውቁታል፤ ልጅ ሊለምን የመጣ ሰው ያቀረበውን ካልቀመሱለት፣ እምቢ ማለት ነው። ብጠጣ ጾሜን መሻሬ፣ ባልጠጣ ልጄን መከልከሌ።

ስኒውን ሳልነካ ተቀመጥኩ። ለእርስዎ አልደብቅም፣ አርብ በመሆኑ ደስ ብሎኝ ነበር። ቃል ሳልተነፍስ እምቢ ልል! እናቷ ካረፈች ወዲህ በሬን ከፍታ "አባዬ" የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ጾሜን ለዚህ መሸሸጊያ ማድረጌ ትዝ ሲለኝ በራሴ አፈርኩ።

በዚህ መሀል ጎብኚዎች ገብተው አንዲት ፈረንጅ ፎቶ አነሳችን። ባፈና፣ "ጋሽ ሣህሌ፣ እኛንም ከጋሻው ጋር ቆጠሩን" አለ። አልሳቅኩም። ስኒዬን አየና፣ "ሻዩ እኮ ስልባቦት ሠራ። የጠሉት ወተቱን ነው ወይስ እኛን?" አለኝ። የራሱንም ስኒ ሳይቀምስ ዝም ብሎ ያዞረዋል። ያ ኩሩ ሰው ለካ እሱም ፈርቷል!

"ዛሬ አርብ ነው" አልኩት። "ግን ሐሙስም ቢሆን የምጠጣው አይመስለኝም። ልጄን ስትወስዷት ብቻዬን ነው የምቀረው።"

ግንባሩን መታ፤ "አርብ! ምን ነክቶኝ ነው?" አለ። ከዚያ የራሱን ስኒ ገፍቶ ከእኔው ጎን አስቀመጠና፣ "እርስዎ በሚጠጡበት ቀን አብረን እንጠጣለን። አልጠጣም ካሉም፣ ደጅዎ መጥቼ እሰማዋለሁ" አለኝ።

ጋብቻው በማን ሥርዓት ይፈጸማል የሚለውን ገና አልነካነውም። እሱ ያስፈራኛል፤ ይጸልዩልኝ። ስነሣ ግን አፌ ከልቤ ቀድሞ፣ "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ ይምጡ" አለ። ዝማሬ ወተቱን ታመጣለች፤ የማፈላው ግን እኔው ነኝ።

ባለቤትዎን ጋሽ ፈለቀን እጅ ይንሡልኝ። ትንሹን ሐዲስን ግንባሩን ይሳሙልኝ። ጎረቤትዎን ኸይሪያንም፣ ሣህሌ አልረሳሽም ይበሉልኝ።

ወንድምዎ ሣህሌ
ቦንጋ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.