ላልተሠራ ማሽን የተሠራ ፎቶ፦ የኢንጂነር ማዕረግ አምባው የሕይወት ታሪክ

ኢንጂነር ማዕረግ አምባው ከአባታቸው ከአቶ አምባው ደረበ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አየሁሽ ውባንተ በ1976 ዓ.ም. ከገንዳ ውሃ ወጣ ብሎ በሚገኝ የእርሻ ሰፈር ተወለዱ። አባታችን ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ወርደው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ማዕረግም በልጅነታቸው ነዶ ሲያቀብሉ ስላደጉ ሰሊጥ መቼ እንደሚታጨድ የሚነግራቸው ሰው አላስፈለጋቸውም። ይህን የምጽፈው ታላቅ እህታቸው አሰፋች ነኝ። የሚያናድደውን ነገር አለሳልሼ እንዳልፈው የመከሩኝ ነበሩ፤ አልሰማኋቸውም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በገንዳ ውሃ፣ ሁለተኛ ደረጃን በጎንደር አጠናቀው በ1999 ዓ.ም. በመካኒካል ምህንድስና ተመረቁ። ከዚያም አዲስ አበባ ውስጥ የፋብሪካ ዕቃ በሚነድፍ ድርጅት ተቀጥረው፣ ገና ያልተሠራን ዕቃ በኮምፒውተር ቁልጭ አድርጎ የማሳየት ሙያ ያዙ። ባለሙያዎቹ ሬንደር ይሉታል። ለምሳሌ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ገና ሳይኖር ብርሃን አርፎበት፣ ጥላው ወለሉ ላይ ወድቆ ይታያል። ወንድማችን «ስህተትን ብረት ሳይባክን አስቀድሞ ማየት ነው» ይሉ ነበር። ለዚያ ሲሆን በእርግጥም ደግ ሙያ ነው።

በ2004 ዓ.ም. ከወይዘሮ ማናዬ ጋር ጋብቻ መሥርተው ካሌብን እና ፍቅርአዲስን አፍርተዋል።

በ2013 ዓ.ም. ወደ ገንዳ ውሃ ተመልሰው በአንድ የእርሻ መሣሪያ አቅራቢ ድርጅት ውስጥ ሰሊጥ አጭዶ የሚያስር ማሽን ነደፉ። ብረቱ በአቶ ሷሊህ ኢሳ ብየዳ ቤት ገና እየተቆረጠ ሳለ ድርጅቱ ለማስታወቂያ ምስል ጠየቀ። ሠሩለት። ጎማው ላይ አቧራ፣ ሰንሰለቱ ላይ ግራሶ፣ ቀለሙ ላይ ጭረት አደረጉበት፤ ካሜራ ያነሣው ይመስል ነበር እንጂ ኮምፒውተር የሠራው ነው ብሎ የሚጠረጥር ሰው አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ግን ምስሉ ውስጥ የሚታጨደው አረንጓዴ ሰሊጥ አይስብም፣ እንደ ወርቅ ቢጫ ይሁን አሉ። ወንድማችን እንዲያ የደረቀ ሰሊጥ ገና ሲነካ እንደሚረግፍ ቢያስረዷቸው «ደግሞ ማን ያየዋል?» አሏቸው። ማን ያየዋል! ሕፃኑ ሁሉ ሰሊጥ በሚያውቅበት በመተማ አገር! ወንድማችን ለእንጀራቸው ሲሉ ቀለሙን ለወጡት። እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲቆጫቸው የኖረው ይህ ነው።

ምስሉ «በሥራ ላይ ያለ ማሽን» የሚል ጽሑፍ ታክሎበት መናኸሪያው ፊት ለፊት ተሰቀለ። ገበሬው ከሩቁ ከገለጉ ሳይቀር በጭነት መኪናም በእግሩም ማሽኑን ሊያይ መጣ። ያገኘው ሸራ ላይ የታተመ ፎቶ ነው። ከገለጉ ከመጡት አንዱ አዛውንት ቀና ብለው አዩና «ይኼን ያጨደ ሰው ለወፍ ነው ያጨደው። የአምባው ልጅ ነው የሠራው አሉኝ፤ አምባው ሰሊጥ ሳያሳየው ነው እንዴ ያሳደገው?» አሉ። ገበያው በሙሉ ሳቀ።

ወሬው አባታችን ጆሮ ገባ። አባታችን የአጫጆች አለቃ የነበሩ፣ በሰሊጥ ነገር ቃላቸው የሚታመን ሰው ናቸው። ልጃቸውን ማነጋገር ተዉ። በዓል ሆኖ በአንድ ገበታ ሲቀመጡ እንኳ «ብላ» አይሏቸውም ነበር። ድርጅቱስ? በዚያው ፎቶ የፈጠራ ሥራ ውድድር ገብቶ ዋንጫ ይዞ መጣ። ላልነበረ ማሽን ዋንጫ! ሰው እንዴት አያፍርም?

ወንድማችን ሥራቸውን ለቅቀው ከአቶ ሷሊህ ጋር ማሽኑን በብረት ሊሠሩ ቁጭ አሉ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ማሽኑ ሰሊጡን በወቅቱ፣ ፍሬው ሳይከፈት ሲያጭድ አባታችን በዓይናቸው እንዲያዩ። በ2017 ዓ.ም. አጨዳ ማሳ ውስጥ ከዛፍ ሥር እያደሩ ሲሞክሩት፣ ነዶውን የሚያስረው ክፍል እምቢ አለ። ከዚያ ወዲህ ትኩሳት ያዛቸው። ወባ ነው እያሉ በየጊዜው ክኒን ሲውጡ ከረሙ፤ ዛፍ ሥር ያደረን ሰው በሚነክስ የአሸዋ ዝንብ የሚመጣው ካላዛር መሆኑ የታወቀው ሰውነታቸው ካለቀ በኋላ ነው።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ከአልጋቸው ተነሥተው ማሽኑን አባታችን ማሳ አደረሱት። ቀለም ያልነካው፣ ብየዳው ያበጠ፣ ለዓይን የሚያስጠላ ብረት ነው። አጨደ። አንዳንዱን ነዶ አላልቶ ሲያስር አባታችን ሳይጠሩ መጥተው ከኋላ ከኋላው እየተከተሉ ያጠብቁ ጀመር። የማሳው ዳር ሲደርሱ «ና እስቲ፣ ከጥላው አረፍ በል፤ ውሃ ጠጣ» አሏቸው። ከስንት ዓመት ዝምታ በኋላ! የድርጅቱ ሰዎች ይህን ሰምተው ካሜራቸውን ይዘው ሲመጡ ወንድማችን በሌለ አቅማቸው «ውጡልኝ ከዚህ!» ብለው አባረሯቸው።

ኢንጂነር ማዕረግ ጎንደር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ42 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩን። ድርጅቱ ለዚህ ጽሑፍ ሽፋን ይሁን ብሎ በኮምፒውተር ያሳመረውን ምስላቸውን ላከልን። ጉንጫቸው ሞልቶ፣ ቆዳቸው አብርቶ፣ አስረውት የማያውቁትን ክራቫት አስሮላቸው! በሬሳ ላይ እንኳ አይተዉም። ወግዱ ብለን መልሰናል። ሽፋኑ ላይ የምታዩት አቶ ሷሊህ በስልካቸው ያነሡት፣ የከሳው የራሳቸው ፊት ነው።

አባታቸው፣ እናታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸው፣ እኔ እህታቸውና እንደ ወንድም የሆኗቸው አቶ ሷሊህ በኀዘን ቀርተናል።

ይህን ጽሑፍ ለአባታችን አስቀድሜ ሳነብላቸው የትምህርቱንም የዋንጫውንም እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያልቅ አንድ ነገር ጨምሪ አሉኝ፦ «ልጄ ሰሊጥ ያውቅ ነበር ብለሽ ጻፊ። ከገለጉ የመጣ ለቀስተኛ ካለ፣ እሱ እንዲሰማ ጮክ በይ።»

ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ ማስመሰል በሌለበት ቤቱ ያሳርፍልን።