የአንሶላው ውሃ

የካቲት 6
ቧንቧው ዛሬም ደረቅ ነው። መስኮቱ ፊት ያለችውን የዘይቱን ዛፍ ሥሯን በደረቅ ቅጠል ሸፈንኩ፤ ፀሐይ እርጥበቱን እንዳትወስደው። ካጠራቀምነው ውሃ የወፎቹን ሳህን ሞላሁ። ንቦች እንዳይሰምጡ ጠጠር ጨመርኩበት።
ባለቤቴ ከአልጋዋ ሆና በመስኮት ታያለች። ከታመመች ወዲህ ቃል አልወጣትም። ወፍ ሲመጣ ግን ዓይኗ ይከተላል...
ጎረቤት ከጉድጓዱ እየቀዳ ያፏጫል። ሸብቶም ያፏጫል! ዱርዬ። "ቅርንጫፉ ጣሪያዬ ላይ ወጣ፣ ልቁረጠው" ካለኝ ጀምሮ ሰላም አንባባልም።

የካቲት 13
የእጅ መታጠቢያው፣ የጎመን እጣቢው... ሁሉም ለዛፏ። ዛሬ ልጄ የእናቷን አንሶላ ያጠበችበትን ልትደፋ ስትል ነጠቅኳት።
"አባዬ፣ እሱ እንኳ ይቅር፤ ውስጡ..."
"ውሃ ውሃ ነው!"
ባልዲውን ትታልኝ ገባች። እኔ ስናገር ማን ይመልሳል?

የካቲት 28
የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆነ። ጠምቷት ይሆን? ከአንሶላው ውሃ ጨመርኩላት።

መጋቢት 5
የዛፏ ቅጠል ሁሉ ረገፈ። ወፍ የለም። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ምሳም እምቢ አለች።
ልጄ የበረኪና ጠርሙስ ይዛ መጣች። "የእማዬ አንሶላ ያለዚህ አይጠራም። ያጠጣሃት ይሄን ነው። ልነግርህ ስል አፌን ዘጋኸው።"
"ምን ይሻላል?"
"ንጹሕ ውሃ፣ በብዛት። አፈሩን የሚያጥብ። ጎረቤት ጋ..."
"እሱን ከምለምን ሞቼ እገኛለሁ!"

መጋቢት 6
ባለቤቴ ዛሬም አልበላችም።

መጋቢት 7
ጄሪካን ይዤ የጎረቤትን በር አንኳኳሁ።
"ኧረ ጋሼ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?"
"ውሃ ስጠኝ። ቅርንጫፉንም ቁረጠው።"
"የቱን? ደርቆ የለም እንዴ!" ብሎ ሳቀ። ፊቴን አየ መሰለኝ... ሳቁን ዋጠው። የጉድጓዱን ገመድ ራሱ ያዘ። "ይተዉት ጋሼ፣ እኔ እስባለሁ።"

መጋቢት 16
እሱ ይቀዳል፣ እኔ እሸከማለሁ። ዛፏ ምንም አላቆጠቆጠችም። ሳህኑ ሙሉ ነው፤ የሚጠጣ የለም። ትተርፍ ይሆን? አላውቅም። ይህን ቃል መጻፍ አልለመድኩም።
ባለቤቴ በማንኪያ ጥቂት ቀመሰችና ተወችው። ጀርባዋን እያየሁ መዋል አቃተኝ።
ልጄ ስትወጣ ጠብቄ በሩን ዘጋሁ። መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ከንፈሬን አሞጠሞጥኩ... ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ደግሜ ሞከርኩ። የተሰነጠቀች ቀጭን ፉጨት።
ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። ወፉን ፈለገች። አጣች። እኔን አየች።
ከንፈሬ ደረቀ። አላቆምኩም።