የአሥራ ሁለተኛዋ ቀን ጨረቃ

ውዴ አንዳርጌ፥

ደብዳቤ ሲጀመር «እንደምን ሰንብተሃል» ይባላል። ለአንተም እንዲያ ብዬ ልጀምር ስል እጄ እንቢ አለኝ። ስለዚህ የራሴን ልንገርህ። እኔ አለሁ፤ ልጅህ ትርንጎም አለች። አውቶቡስ ጣቢያ ከተለያየን ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሞላን። ከሞትህ ስንት ጊዜ እንደሆነህ ግን አላውቅም። ከቀበሌ ጠርተው የሰጡኝ ወረቀት ላይ ስምህ ከነአያትህ አለ፤ ማኅተም አለ፤ ቀን የለበትም። ቦታውንም «በሰሜን ግንባር» ብሎ አልፎታል። አንተ ጂኦግራፊ ስታስተምር ልጆቹ እንዲህ ብለው ቢመልሱልህ ዜሮ ነበር የምትሰጣቸው።

የቤቱን ላውጋህ። የተከልኸው ዘይቱና አፍርቶ የሰፈር ልጅ ሁሉ አጥራችን ላይ ነው የሚውል። ቆርቆሮው በአንተ ራስጌ በኩል ማፍሰስ ጀምሯል፤ አልጋውን ላዞረው ነበር፣ ተውሁት፣ ገበታ ሣህን ደቅኜበት እተኛለሁ። ትርንጎ ስምንተኛ ክፍል ገባች። ቁመቷ እኔን አለፈኝ፤ ያንን ቡና ዓይነት ሹራብህን ለብሳ ስትወጣ በር ላይ ቆሜ ከኋላዋ አያታለሁ። አውልቂው ብዬ አላውቅም። ብስክሌትህን ደግሞ እኔ ይዤዋለሁ። መውጣቱን በዚህ ዕድሜዬ አፍራለሁና የደብተር ቦርሳዬን መሪው ላይ አንጠልጥዬ እየገፋሁት እሄዳለሁ። ጎረቤታችን ዘይነባ ባየችኝ ቁጥር «ስንዱ፣ በቅሎሽን ውኃ ልታጠጪ ነው?» ትለኛለች።

የደብተር ቦርሳ ማለቴ ገርሞህ ይሆናል። ኮሌጅ ገባሁ፣ አንዳርጌ። ለአስተማሪዎች በሚሰጠው የክረምት ትምህርት ስሜ ወጣልኝ። የሚመረጠው ትምህርት ዝርዝር ሲለጠፍ ጣቴን ያሳረፍሁት «የሥነ ፈለክ መግቢያ» የሚለው ላይ ነው፤ አንተ ማታ ማታ እየሄድህ ጀምረህ የተውኸው ላይ። መዝጋቢው ቀና ብሎ አየኝና ለአንደኛ ክፍል አስተማሪ የልጆች አያያዝ አይሻልዎትም ወይ አለኝ። ይሻለኝ ነበር። ሀ ሁ ለማስቆጠር ጁፒተር ምን ያደርግልኛል? ግን እዚያ ትምህርት ውስጥ የቀረ ዕቃ አለኝ አልሁት። አልገባውም፤ ጻፈኝ።

ዕቃው ያ ደብተርህ ነው። ለሃያ ዘጠኝ ቀን ጨረቃን እያያችሁ ሣሉ ተብላችሁ፣ በየገጹ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በየት በኩል እንደቆመች እየጻፍህ ክቧን በሻይ ብርጭቆ አፍ እያዞርህ የሣልህበት። ሳትጨርሰው ስምህ ለዘመቻ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀርህ፣ ፀሐይ በዘጌ በኩል እንደገባች፣ ሐይቁ ዳር ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን አሥራ አንደኛዋን ሣልህ። የጎርጎራው ጀልባ መጥቶ ሰው ያወርድ ነበር። አንዲት ሴትዮ ዶሮዋ አምልጣት ወደ ውኃው ስትሮጥ አንተ እርሳስህን ጥለህ ያዝህላት፤ እጅህ ላይ ኩሷን ጣለችብህና ሳቅን። ከዚያ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አስቀምጠህ፣

«ቀሪውን አንቺ ሙይልኝ፤ ስመለስ ለመምህሩ እሰጠዋለሁ» አልኸኝ።

እሺ አልሁህ። አልሞላሁትም። ሣጥን ውስጥ ከነጠላዬ ሥር ከተትሁት፤ ወረቀቱ ከቀበሌ ሲመጣም፣ ድንኳን ተጥሎ ሬሳ በሌለበት ሲለቀስም እዚያው ነበረ። ኮሌጅ የገባሁት እሱን ለመጨረስ ነው። መምህሩ ሌላ ይሁን፣ ክረምቱም ሌላ ይሁን፣ ሃያ ዘጠኙ ገጽ ሞልቶ ለአንድ አስተማሪ እጅ ይድረስ ብዬ ነው። ሌላ የማደርግልህ ነገር አልቀረኝም።

ትምህርቱ ከበደኝ። መምህሩ ሱራፌል የሚባል ልጅ እግር ነው፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ትሑት፣ ጠመኔ በያዘ እጁ ፀጉሩን እየነካካ ገና ሳይሸብት የሸበተ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። አንዷን ገጽ በመዝገበ ቃላት ስፈታ ትርንጎ አንቀላፍታ ትነሣለች። ክፍል ውስጥ ያሉት ወጣቶች «እናታችን» ይሉኛል፤ አንዱ ባለጌ የገነትን በር በየት በኩል እንደሆነ ካገኙት ይንገሩን አለኝ። ካገኘሁት አንተን ማን ያስገባሃል አልሁት። ተሳሳቅን። ከዚያ ወዲህ ወንበር ይይዝልኛል።

አንድ ነገር ግን አስበው። የሰማይ ትምህርት በሐምሌ! አንተ በታኅሣሥ ጥርት ባለ ሰማይ ነው የሣልህ። እኛ ጨረቃን እዩ የተባልነው ጣና ራሱ በጭጋግ በማይታይበት ወር ነው። እኔ ከአሥራ ሁለተኛው ገጽ ቀጠልሁ። መጀመሪያ ሰሞን አንዲት ማታ በደመና ቀዳዳ አየኋት፤ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ወደ ክፍል ስሄድ እየሳሳች የምትሄደዋን ሦስት ጊዜ አገኘኋት። ሌላው ቀን ሁሉ ዝናብ ነው። እንግዲህ ምን ላድርግ? አንተው ያስተማርኸኝ ትዝ አለኝ። ከቄስ ትምህርት ቤት ይዘኸው የመጣኸው ባሕረ ሐሳብ፤ አበቅቴውን፣ ሕፀፁን፣ የወሩን ቀን ደምሮ ሠላሳውን ገድፎ የጨረቃን ዕድሜ ማግኘት። በጣቴ እየቆጠርሁ ደመርሁ፣ ገደፍሁ፣ ብርጭቆውን ደፍቼ ሣልሁ። ሰዓቱንም አቅጣጫውንም አሳምሬ ሞላሁት። ማጭበርበር ነው ብዬ አንድም ጊዜ አላሰብሁም። አባቶች ዓመቱን ሙሉ ጾምና በዓል የሚያወጡበት ሐሳብ እንዴት ይሳሳታል?

ያኔ የእስላሞቹ ጾም ሊፈታ ነበር። በሃያ ዘጠኛው ምሽት ዘይነባ መጣችና አብረን ዳር ወጣን፤ እሷ የዒዷን ጨረቃ ልትፈልግ፣ እኔ ደብተሬን ልዘጋ። ከዘጌ እስከ ቁንዝላ ባለው በኩል ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ገጥሟል። ቆመን ቆመን ዘይነባ «አላየንም፤ ነገም እንጾማለን» አለች። እኔም በሐሳብ ተወልዳለች፣ ይልቅ ሂጂና ብዪ አልኋት። «ሐሳብሽን አንቺ ብዪው» ብላኝ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። በማግሥቱ እየጾመች ሆዷን ይዛ ስታልፍ አሳዘነችኝ። እኔ ያወቅሁ፣ እሷ ያላወቀች መስሎኝ።

ደብተሩን ሰጠሁ። በሦስተኛው ቀን መምህር ሱራፌል ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አስቀረኝ። ገጹን ቀስ እያለ ገለጠ። የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ የማን እጅ እንደሆኑ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ በዚያ ምሽት በረዶ ጥሎ እሱ ራሱ ከቤት እንዳልወጣ ነግሮኝ፣ እኔ ጨረቃዋን በየት በኩል እንዳየኋት ጠየቀኝ። ኩራት ይዞኝ አበቅቴውን ከነሕፀፁ ዘረዘርሁለት። ወረቀት አውጥቶ እሱም ደመረ። ፈጣሪ ያውቃል፣ ልክ መጣ።

«ሒሳቡ አልተሳሳተም፣ ወይዘሮ ስንዱ» አለኝ። «ግን ይህ ማየት አይደለም። ደመና ከሆነ ደመና ነው ብለው ይጻፉ። አላየሁም ማለትም ለእኛ መልስ ነው።»

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እንደገና ለመጀመር ሃያ ዘጠኝ ቀን ያስፈልጋል፤ የቀረን አሥር ቀን ነው። ውጤቴ «ያልተሟላ» ተብሎ ተለጠፈ። ለከርሞ ጨርሰው ይምጡ ብሎኛል። ለከርሞ ማን እንደሚኖር እንጃ፤ የእሱ ስም ባይለጠፍ ነው ደግሞ።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ስመለስ ያሰብሁት ስለ ጨረቃዋ አይደለም። ስለ አንተ ነው። የንስሐ አባታችን ለሙት ዓመትህ ቀን ያስፈልገናል፣ መርዶ የሰማሽበትን እንያዝ ሲሉኝ፣ የለም፣ እኔ አገኘዋለሁ ብዬ የመጨረሻዋን ደብዳቤህን ቀን ይዤ፣ መንገዱን ደምሬ፣ ዝም ያልህበትን ገድፌ፣ ሚያዝያ አሥራ ሰባት ብዬ ሰጠኋቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሚያዝያ አሥራ ሰባት ይጸለይልሃል። ያ ብቻ አይደለም። የወደቅህበትን ዛፍ ሠርቼልሃለሁ፤ ጥላ ያለው ነው። ውኃ ያጠጣህ ጓደኛ ሠርቼልሃለሁ። ዓይንህን የከደነልህ አለ። አፈር ያለበሰህ አለ። በየማታው አንድ ገጽ እየጨመርሁ አሳምሬ ሣልሁህ፤ ያየሁት አንድም የለም። አንዳንድ ማታ ደግሞ ሐሳቤ ያዘነብልና በሕይወት አስቀርሃለሁ፤ ደልጊ ላይ ከጀልባ ስትወርድ፣ ጢምህ አድጎ፣ እኔን ስትጠይቅ። እሱም ሥዕል ነው። እሱንም እኔው ነኝ ብርጭቆ ደፍቼ ያዞርሁት።

ትናንት ላጲስ ይዤ ተቀመጥሁ። ወረቀቱ እስኪሳሳ አጠፋሁ። ባላየሁበት ገጽ ሁሉ «ደመና፤ አላየሁም» ብዬ ጻፍሁ። ዘይነባ የዘይቱና ቅጠል ለሳል ልትለምን መጥታ ምን እንደማደርግ አይታ፣ ሳትቀልድብኝ ተቀመጠች። ያች ሴት ካላየች አላየሁም ብላ አንድ ቀን ጨምራ መጾም ታውቅበታለች። እኔ ጾሙን ሳልጾም ልፈታው ነበር።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው፣ ሆዴ። ዛፉን አጥፍቼዋለሁ። ውኃ ያጠጣህንም ሰው አሰናብቼዋለሁ። ለንስሐ አባታችንም ቀኑን አላውቀውም ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው እንደወደዱ ያድርጉት። እንዴት እንደሞትህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ለትርንጎም ጭምር፣ አላየሁም እላለሁ። ያየሁትን ግን አልለቅም። ዶሮዋን ይዘህ የሳቅኸውን አይቻለሁ። እርሳስህን ከጆሮህ ጀርባ ሰክተህ ቤቱን ሙሉ ስትፈልገው አይቻለሁ። አውቶቡሱ መስኮት ላይ መዳፍህን ለጥፈህ ከኔ ይልቅ ትርንጎን ስታይ አይቻለሁ፤ ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር። እነዚህን ቀን በቀን እያስታወስሁ እኖራለሁ፤ አንዲትም ሳልጨምርልህ።

አንድ ገጽ ቀርታኝ ነበር፣ አሥራ ሁለተኛዋ። የሄድህ ዕለት ማታ። እሷንም በዚህ ክረምት፣ የታኅሣሡን ቀን ጽፌ፣ በሐሳብ ነበር የሣልኋት፤ መምህሩ ታኅሣሥ ላይ ደመና እንደሌለ ስለሚያውቅ አልጠየቀኝም። ያን ምሽት ትርንጎ ከደጅ ሮጣ ገብታ፣ ጨረቃዋ ወጥታለች፣ የአባባ ደብተር የት አለ ብላኝ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳ አድርጌ ተኛሁ። እዚህች ላይ ደመና ብዬ መጻፍ አልቻልሁም። ሥዕሏን አጥፍቼ እንዲህ ጻፍሁባት፦

ሰማዩ ጠርቶ ነበር። እኔ ቀና አላልሁም። አላየሁም።

ስንዱ