ሽቦ ሲያዳምጡ የኖሩት የጋሽ ጆሮ የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ጆሮ» እያለ የሚጠራቸው አባታችን ከአናጺ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1934 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያቸው ባለው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በሒሳብ አንደኛ እንደነበሩ፣ የእጅ ጽሕፈታቸውን ግን እሳቸው ራሳቸው ማንበብ ይቸግራቸው እንደነበር ታናሽ እህታቸው ዛሬም ይመሰክራሉ።

በ1951 ዓ.ም. ጋራዥ ተቀጥረው የሽቦ ቸርኬ ጥገና ተማሩ። የዛሬ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ እንጂ የድሮ የቤት መኪና ጎማ እንደ ብስክሌት በቀጫጭን ሽቦ የተወጠረ ነበር። አባታችን መኪናውን በክሪክ አንሥተው ጎማውን ያሽከረክራሉ፤ ጠመኔ ወደ ቸርኬው ጠርዝ አስጠግተውም የት ላይ እንደሚወላገድ ያያሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ በትንሿ መፍቻቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ደህናው ሽቦ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የላላው ወይም የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ቅጽል ስማቸውም ከዚህ መጣ። ለቸኮለ ደንበኛ የሚሰጡት መልስ አንድ ነበር፤ «የቸኮለ በእግሩ ይሂድ።»

በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ፤ በዚያው ዓመት ከእናታችን ጋር ትዳር መሠረቱ። እናታችንም ከጋራዡ በስስ ግድግዳ በተለየችው ክፍል ልብስ እየሰፉ ሦስት ልጆች አሳደጉ።

በ1994 ዓ.ም. ገደማ የአባታችን ጆሮ መድከም ጀመረ። ለማንም አልተናገሩም። ስንጠራቸው ዝም የሚሉን ሥራ ይዟቸው ይመስለን ነበር። በጆሮው ስም ያተረፈ ሰው «አልሰማም» ማለት እንዴት ይቀለዋል? በ1996 ዓ.ም. ደህና ነው ብለው የሸኙት የአንድ ጡረተኛ መምህር መኪና መታጠፊያ ላይ የኋላ ጎማው ሽቦዎች ተበጣጥሰው ከግንብ ጋር ተላተመ። መምህሩ ግንባራቸው ተጭሮ ብቻ ተረፉ። ሁሉም ያማው የመኪናውን እርጅና ነበር። አባታችን ግን የተበጠሱትን ሽቦዎች በጨርቅ ጠቅልለው መምህሩ ቤት ሄዱና «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳልሰማ ሰምቻለሁ ብዬ ነው የሸኘሁዎት» አሉ። በማግስቱ መሣሪያቸውን ሣጥን ውስጥ ከተው ቆለፉበት። ያን ሰሞን ቤታችን ሰው የሞተበት ይመስል ነበር።

በስምንተኛው ቀን እናታችን መርፌያቸውን አስቀምጠው ጋራዥ ገቡ። ለካ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በግድግዳው በኩል ሲያዳምጡ ኖረው፣ የትኛው ሽቦ እንደታመመ ከባለሙያው እኩል ያውቁ ኖሯል። «የመምህሩንም ሰምቼው ነበር። አንተ የሰማህ መስሎኝ ዝም አልኩ» አሏቸው። «ከእንግዲህ አንተ ምታ፣ እኔ እሰማለሁ።»

ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ዓመት አብረው ሠሩ። አባታችን ይመታሉ፤ እናታችን በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ድምፁ ሲታፈን ጣታቸውን ያነሣሉ፤ አባታችንም ያንን ሽቦ ያጠብቃሉ። የመጀመሪያው ደንበኛ ያው መምህሩ ነበሩ። አባታችን «ጋሽ ጆሮ» በተባሉ ቁጥር በአገጫቸው ወደ በርጩማው መጠቆም ለመዱ። በእነዚህ አሥራ ሰባት ዓመታት በእጃቸው ያለፈ አንድም ጎማ በሰው ላይ አደጋ አላደረሰም።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ82 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሦስት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች አፍርተዋል።

ይህ ከታተመ በኋላ በእጅ የተጨመረ ነው። የአባታችንን ፎቶግራፍ ይዞ የቀብሩን ሰልፍ ከፊት የሚመራው የመምህሩ አሮጌ መኪና ዛሬ ጠዋት በራችን ላይ ሲቆም፣ እናታችን ትንሿን መፍቻ አስመጥተው አራቱንም ጎማ ሽቦ በሽቦ እየመቱ አዳመጡ። ከኋላ በግራ በኩል ባለው ጎማ ላይ ጣታቸውን አነሡ። እንደ ልማዳቸው ቀና ብለው ጠበቁ፤ ሽቦውን የሚያጠብቀው ሰው ግን አልነበረም። እኛ ልጆቻቸው እየተቀባበልን እስክናጠብቀው ጣታቸውን አላወረዱም። ቀብሩ አርባ ደቂቃ የዘገየው ስለዚህ ነውና የጠበቃችሁንን ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን እሳቸው የሰው መኪና በሚቀበሉበት ጥንቃቄ ይቀበልልን፤ ለእናታችንም መጽናናቱን ይስጥልን።