የእህቴ ትንፋሽ የታጠፈበት ሳምንት

ለአባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ፣ አባባ? እንቅልፍ ይወስድዎታል? ምግብስ ይበላሉ? እኔ እዚህ አክስቴ ቤት ደህና ነኝ። አክስቴ ሰላም ብላዎታለች። እውነቱን ልንገርዎትና አላለችም፤ ስምዎ ሲነሳ ተነስታ ሳህን ማጠብ ትጀምራለች። ግን ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይሆንምና የእሷንም እኔው ጻፍኩልዎ።

ስልክ ደውለው ያሉኝን አልረሳሁም። ዓርብ የሰርቪስ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ እንድገኝ፣ ያንን ግራፍ በትልቅ ወረቀት አሳትሜ እንዳመጣ ነግረውኛል። ሾፌሩን እናስባርረዋለን፣ ሰርቪስ ውስጥ እያጨሰ ልጄን ገደላት፣ ማስረጃው የወንዱ ልጄ ሒሳብ ነው ብለዋል። ድምፅዎ ሞቅ ብሎ ነበር። እህቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሆነው ሲናገሩ ሰምቼዎት አላውቅም።

እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። እጮኛዋን፣ ያንን ሾፌር፣ እርስዎ «ጭሱ» ብለው ስም ካወጡለት ቀን ጀምሮ እኔም ጭሱ ስል ነው የከረምኩት። ቀብር ላይ ሊያቅፈኝ ሲመጣ ክርኔን ነው የሰጠሁት።

ግራፉ እንዴት እንደተሠራ ያውቃሉ። እህቴ ጠዋት ጠዋት ያቺን የአስም መለኪያ ቱቦ ባላት ኃይል ትነፋለች፤ ጠቋሚዋ የቆመችበትን ቁጥር ትነግረኛለች፤ እኔ ኤክሴል ላይ እጽፋለሁ። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ቀን፣ ዛሬስ ሻማም አላጠፋም ብላ ትስቃለች። ከሞተች በኋላ እርስዎ ከጀርባዬ ቆመው፣ ልጄ ከየት ጀምሮ እንደተበላሸችብኝ አሳየኝ አሉኝ። ነጥቦቹን የሚከተል የሦስተኛ ዲግሪ መስመር አሰመርኩና መታጠፊያውን ከቀመሩ አወጣሁ፤ መስመሩ ጉብጠቱን የሚቀይርበትን ቦታ ማለቴ ነው። ከሾፌሩ ጋር መውጣት የጀመረችበት ሳምንት ላይ አረፈ። ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ።

ሥራ አስኪያጁ ፊት እንዳላፍር ብዬ ለሒሳብ መምህርታችን አሳየኋት። የማን ቁጥር እንደሆነ አልነገርኳትም። ሳቀችብኝ። የሽንኩርት ዋጋ ስጠው፣ የኳስ ቡድንህን ጎል ስጠው፣ የሦስተኛ ዲግሪ መስመር አንድ መታጠፊያ ሳያወጣ አይለቅህም፤ አንተ መስመሩን እንጂ ቁጥሮቹን መች ጠየቅካቸው አለችኝ። ከዚያ ወንበር ስባ አሳየችኝ። የየሳምንቱን አማካይ ውሰድ፤ ቀጥሎ ባለው ኮለም እያንዳንዱ ሳምንት ከበፊተኛው ያለውን ልዩነት አውጣ፤ በሚቀጥለው ደግሞ የልዩነቶቹን ልዩነት። ይኸኛው ኮለም ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ ዞሮ እዚያው ከቀረ፣ መታጠፊያህ እሱ ነው አለች።

አክስቴ ጨርቆቿን ሰብስባ የስፌት ጠረጴዛዋን ለቀቀችልኝ፤ እዚያ ላይ ሠራሁት። አባባ፣ ከሾፌሩ ጋር መውጣት ከጀመረች በኋላ ቁጥሯ መውረዱ አልቀረም፤ ግን በየሳምንቱ የሚወርደው እያነሰ ነበር። ሊቆም ምንም አልቀረውም። የመጨረሻው ኮለም ፖዘቲቭ፣ ፖዘቲቭ፣ ፖዘቲቭ ይላል። ሰውየው ለእሷ ሲል ሲጋራ የተወው ያኔ ነው። ኪሱን በከረሜላ ሞልቶ ሲዞር፣ ባሌ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ሊሆንብኝ ነው ትል ነበር።

ከዚያ ወደ ኔጋቲቭ ዞረ፤ በየሳምንቱ የሚወርደው እየባሰ ሄደ። ዞሮም ቀረ።

ሳምንቱን ለማወቅ ካላንደር አላስፈለገኝም። የእንጨት ሥራ ቤትዎን ለቀው የቫርኒሽ መርጫውን ወደ ቤት ያመጡበት ሳምንት ነው። ከእሷ መኝታ ቤት ሥር ባለው ክፍል ነው የተከሉት። እህቴ ደረጃው ላይ ቆማ፣ አባባ ሽታው ያፍነኛል አለችዎት። መስኮትሽን ዝጊ፣ ብቻዬን በዚህ ሽታ ነው ያሳደግኳችሁ አሏት። ዘጋች። በሌላ ቀን ደግማ ስትለምንዎት፣ ጭሱ ጉያ ስትገቢ አፍንጫሽን የት ነው የምታስቀምጪው አሏት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችዎትም።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው፣ አላወቁም ልል እችል ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝ አለ። በሞተች ጠዋት፣ አስከሬኗ ገና ከሆስፒታል ሳይመጣ፣ መርጫውን ከነቱቦው፣ ከነጣሳዎቹ በጭነት መኪና አስወጡት። ወለሉን ራስዎ ጠረጉ። ለምን ስልዎ፣ ለለቀስተኛ ቦታ እንዲሆን ነው አሉኝ። ለቀስተኛው ግን በሙሉ ፎቅ ላይ ነበር የተቀመጠው። የታችኛውን ክፍል ቆልፈውት ነበር።

ዓርብ እገኛለሁ። ለሾፌሩም ደውዬ፣ ይቅርታ ጠይቄው፣ እንዳይቀር ነግሬዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ሒሳብ ባይገባው ቀስ ብዬ አስረዳዋለሁ፤ ሦስቱንም ኮለም፣ ሳምንት በሳምንት። ሳምንቷ ላይ ስደርስ ያኔ ምን ነበር ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኔ አልመልስለትም። ወደ እርስዎ ዞሬ እጠብቃለሁ።

እንግዲህ ጤናውን ይስጥዎ፣ አባባ። ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ይህን ከልቤ ነው የምመኝልዎ። እኔ እስካረጅ ድረስ ይኑሩ። ጠዋት ሲነሱ ደረትዎ ክፍት፣ ትንፋሽዎ ሙሉ ይሁን፤ አንዷንም ትንፋሽ ሳያውቋት አይሳቧት።

የቀረዎት ልጅ